ለአደባባዩ የተሰጡ ወይራዎች

ወሲላ አባቷን ዛፎቹን ልትለምን የሄደችው በጥር መጨረሻ፣ ዝናብ መጣል ሲገባው ባልጣለበት ሰሞን ነው። ከቱኒስ ተነስታ፣ ቀይረዋንን አልፋ፣ የአባቷ መሬት እስክትደርስ ድረስ መኪናዋን በአቧራ ውስጥ ነዳች። በመንገዱ ግራና ቀኝ ያለው ወይራ ቅጠሉ ተኮራምቶ አመድ መስሏል። ድርቁ ከገባ አራት ዓመት ሆኖታል። የቤታቸው ጉድጓድ ከነጠፈ ቆይቷል፤ ፓምፑንም ታላቅ ወንድሟ ላዝሐር ነቅሎ ሸጦታል።

አባቷ ሙስባሕ ግቢ ውስጥ ፀሐይ እየሞቁ ነበር። ሰባ አምስትን ያለፉ፣ ቀጭን፣ ጆሯቸው ትንሽ የደከመ ሰው ናቸው። ልጃቸውን ሲያዩ ተነስተው ግንባሯን ስመው ስለ መንገዱ፣ ስለ ሥራዋ፣ ስለ ጤንነቷ ጠየቋት። ላዝሐር ዳቦና የወይራ ዘይት አቀረበ። ወሲላ አንድ ጊዜ እንደ ቀመሰች ዘይቱ የቤታቸው እንዳልሆነ፣ ከሱቅ የመጣ እንደሆነ አወቀች። ዳቦውን አስቀመጠችው።

ከዚያ የመጣችበትን ተናገረች። ዳር ዘይን በቱኒስ ባሕር ዳር ያለ የድሮ መኳንንት ቤት ነው፤ ከነጻነት ወዲህ የሥዕል ሙዚየም ሆኗል። ዙሪያውን በረጅም ግንብ ስለታጠረ፣ ጎኑ ባለው ሰፈር ተወልደው ያረጁ ሰዎች እንኳ ውስጡን አያውቁትም። ወሲላ ራሷ ከገጠር መጥታ ዩኒቨርሲቲ የገባች ጊዜ ሥዕል ልታይ ሄዳ ነበር። ዘበኛው ከጫማዋ እስከ ሻሿ አይቶ ዛሬ ዝግ ነው ብሎ መለሳት፤ ከኋላዋ የመጡትን ባልና ሚስት ግን በሩን ከፍቶ አስገባቸው። ያን ቀን አልረሳችውም። አሁን ሙዚየሙ እየሰፋ ነው። ግንቡ ይፈርሳል፤ ከመሬት በታች የአዲሱ አዳራሽና የሥዕል ማከማቻ ግንባታ እያለቀ ነው፤ ከላዩ ደግሞ ማንም ያለ ቲኬት ገብቶ የሚቀመጥበት አደባባይ፣ አትክልትና ወደ ባሕሩ የሚወርድ ደረጃ ይኖራል። የአደባባዩንና የአትክልቱን ንድፍ ውድድር ያሸነፈችው የአትክልት መሐንዲሷ ወሲላ ናት። በንድፏ መካከል ያረጁ የወይራ ዛፎች አሉ። ዛፎቹን አመጣለሁ ያለው ነጋዴ ግን ያረጀ ወይራ ለመንቀል ፈቃድ ተከልክሎ ቀርቷል፤ ለሙዚየሙ ሚኒስቴሩ ፈቃድ ይሰጣል፤ የሚቀረው ዛፉ ራሱ ነው። የአባቷ ወይራዎች ደግሞ የአያት ቅድመ አያት ተክል ናቸው።

ለአባቷ ያልነገረችው አንድ ነገር ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ስብሰባ፣ ሲ ፈውዚ እያሉ በአክብሮት የሚጠሩት ዋናው መሐንዲስ፣ የአዳራሹ ጣሪያ እሷ የጠየቀችውን ያህል አፈር እንደማይሸከም ተናግሮ ነበር። አፈሩ በግማሽ ይቀነስ አለ። ከአፈሩ ሥር ሊገባ የነበረው ውሃ ማስወገጃ ጠጠርና ቱቦም ወደብ ላይ ስለቀረ በሌላ ስስ ነገር ይተካ አለ። ወሲላ ተከራከረች። እሱም ብዕሩን አስቀምጦ አያት።

«በአጭሩ ንገሪን። ዛፎችሽ በዚህ ይኖራሉ ወይስ አይኖሩም? አይኖሩም ካልሽ ድንጋይ እናነጥፍበታለን፤ ሜዳ አደባባይም አደባባይ ነው።»

ሰዉ ሁሉ እሷን ያያል። የሙዚየሙ ዳይሬክተር ማዳም ኑዝሃም ታያታለች። የተማሪነቷ ግንብ ትዝ አላት፤ ግንቡ ፈርሶ በምትኩ እንደ ምጣድ የሚፋጅ የድንጋይ ሜዳ ታያት።

«ይኖራሉ» አለች።

እና አሁን አባቷ ፊት ተቀምጣ ስለ አደባባዩ ስታወራ ስለ አፈሩ አላነሳችም። እንክብካቤ ካገኙ ይኖራሉ ብላ ራሷን አሳምና ነበር። ላዝሐር እስከ መጨረሻው ሰምቷት ሳቀ።

«አባባ ለከሰል አልሸጥም ብለህ ከሰው ስትጣላ ከርመህ፣ አሁን የቱኒስ ሴቶች ፎቶ እንዲነሱባቸው ልትሰጥ ነው?»

ሙስባሕ ተነስተው ወደ ዛፎቹ ሄዱ፤ ወሲላም ተከተለች። አንዱን በእጃቸው ዳሰሱት። ቅርፊቱ ደርቆ ይፈረፈራል። እናቷ ዙበይዳ በሕይወት እያለች በለቀማ ጊዜ ጥላው ሥር ምሳ የምታቀርብበት ዛፍ ነው።

«እዚያ ውሃ አለ?» አሏት።

«አለ ባባ። የቧንቧ ነው፤ አይቋረጥም።»

«እዚህ ዓይኔ ሥር እየሞቱ ነው» አሉ። «እንግዲያው ይሂዱ። እኔም ተከትያቸው እሄዳለሁ። ያለዚያ አይሆንም።»

ሌላ ምንም አልጠየቁም። ስለ ክፍያ ሲነሳ ለላዝሐር ነው ብለው ፊታቸውን አዞሩ።

ዛፎቹ የተነቀሉት በየካቲት ነው። ሰባት ነበሩ። መጀመሪያ የሞተር መጋዝ መጥቶ ቅርንጫፋቸውን መለመለው፤ ያን ያህል ሰማይ ይሸፍን የነበረ ዛፍ ክንዱ የተቆረጠ ሰው መሰለ። ቀጥሎ ኤክስካቫተሩ ዙሪያቸውን ቆፈረ። ሥራቸው እየተቆረጠ ከነአፈሩ በጆንያ ተጠቀለለና በክሬን ሎቤድ በሚባለው ረጅም የጭነት መኪና ላይ ወጣ። ሙስባሕ ቀኑን ሙሉ አልተቀመጡም፤ ሠራተኞቹን በእጃቸው ምልክት እየሰጡ ቀስ በሉ ይላሉ። ትልቁ ዛፍ ከመሬት ተነስቶ አየር ላይ ሳለ ግንዱ ለሁለት ተሰነጠቀና ግማሹ ወደቀ። ሰው አልተጎዳም። ሙስባሕ ሄደው የወደቀውን አዩ፤ ሌላውን ጫኑ አሉ። ስድስቱ ብቻ ሄዱ።

ላዝሐር ከአንዱ ሾፌር ጋር ጋቢና ውስጥ ነበር። ከመንገድ ላይ ለወሲላ ደወለላት። በየመንደሩ ሻይ ቤት የተቀመጠው ሰው ሎቤዶቹን ሲያይ ይነሳል አላት። አንድ ሽማግሌ ቆመው እጃቸውን ዘርግተው ለሬሳ የሚቀራውን ፋቲሓ ቀሩ አላትና ሳቀ። ከዚያ ሳቁን አቋረጠ። «እኔ እንጃ» አለና ዘጋው።

ሙስባሕ ቱኒስ ሲገቡ መጀመሪያ ያረፉት ልጃቸው ቤት ነበር። ከፎቁ ላይ ሆነው መሬት ማየት አልተመቻቸውም፤ የጎረቤት ቴሌቪዥን በግድግዳው አልፎ ለደከመ ጆሮ እንኳ ይሰማል ብለው አማረሩ። ሳምንት ሳይሞላ ሙዚየሙ ከጥበቃዎቹ ክፍል አጠገብ አንዲት ጠባብ ክፍል ሰጣቸው። የአትክልተኛ ሰማያዊ ካፖርትም ሰጣቸው። ካፖርቱ ስለረዘመባቸው እጀታውን አጥፈው ለበሱት፤ ወሲላም እንዲህ ሆነው ስታያቸው ደስም አላት፣ አሳዘኗትም።

አደባባዩ የተከፈተው በሚያዝያ ነው። ግንቡ በነበረበት ቦታ ሰው ከመንገድ ተነስቶ ዝም ብሎ ገባ። በመጀመሪያው ቀን አንዳንዱ ጠርዙ ላይ ቆሞ የሚያባርረው ሰው ይጠብቅ ነበር፤ ማንም አላባረረም። ከዚያ በኋላ የሰፈሩ ሴቶች ከሰዓት በኋላ ሱፍ እየፈለፈሉ የሚያወጉበት፣ ጡረተኞች ካርታ የሚጫወቱበት፣ ሙሽሮች ከባሕሩ ጋር ፎቶ የሚነሱበት ቦታ ሆነ። ወሲላ ሥራ ባይኖራትም እየሄደች ከዳር ትቀመጥ ነበር። በሕይወቷ ውስጥ ሙሉ በሙሉ የተሳካ ነገር ቢኖር ያ አደባባይ ነው ብላ አሰበች። እነዚያ ስድስት ግንዶች ግን ምንም ጥላ አልነበራቸውም።

አባቷን ሰፈሩ ሁሉ አም ሙስባሕ፣ አጎት ሙስባሕ፣ እያለ ያውቃቸው ጀመር። አንዲት ሴትዮ እነዚህ ጉማጆች መቼ ነው ቅጠል የሚያወጡት ብላ ብትጠይቃቸው፣ «አዲስ ሙሽሮች ናቸው፤ ቤቱን እስኪለምዱ ፊታቸውን አያሳዩም» አሏት። ሴትዮዋ እኔን በሠርጌ ማግስት ነው ወጥ ያሠሩኝ ብላ ሁሉንም አሳቀች።

በግንቦት ከግንዶቹ ላይ ቀጫጭን ቡቃያ ወጣ። ሙስባሕ ለልጃቸው ደውለው ዛሬውኑ ነይ አሏት። ስትደርስ እጇን ይዘው ከዛፍ ወደ ዛፍ አዞሯት። ቡቃያው የጣት ጥፍር ያህል ነው፤ ከፊቱ አረንጓዴ ከጀርባው ብርማ። እጇን አልለቀቁም። ወሲላ በዚያች ሰዓት ስለ አፈሩ የነበራት ስጋት ከላይዋ እንደ ወረደ ተሰማት።

በሰኔ ቡቃያው ቢጫ ሆነ። በሐምሌ ረገፈ። በዛፎቹ ሥር የተዘረጋው ጠብታ ማጠጫ በራሱ ሰዓት ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ ሙስባሕ ግን አላመኑትም። ጎህ ሲቀድ ተነስተው በጎማ ያጠጡ ጀመር። ጥበቃዎቹ ያዩአቸዋል፤ ሽማግሌ ስለሆኑ ዝም አሏቸው። ወሲላ ስትሰማ ሄዳ ሥሩ እንዳይበሰብስ በቃ አለቻቸው።

«አራት ዓመት ሙሉ የምሰጣቸው አጥቼ ሲጠሙ እያየሁ ኖርኩ» አሏት። «ውሃው እጄ ላይ እያለ ልከልክላቸው? ይሄ ነው የምትይኝ?»

ያኔ ልትነግራቸው ትችል ነበር። ባባ ከሥሩ ያለው መሬት አይደለም፤ ገበታ ላይ የተዘረጋ አፈር ነው፤ ውሃው የሚሄድበት የለውም ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅባት። አላለችም። የጎማውን ቧንቧ አስዘጋች። እሳቸውም ከጥበቃዎቹ ቧንቧ በባልዲ እየቀዱ ቀጠሉ። አንድ ቀን ስትመጣ በሁለት እጃቸው ባልዲ አንጠልጥለው፣ ሰማያዊው ካፖርት እስከ ጉልበታቸው ርሶ፣ እየተንገዳገዱ ሲመጡ አየቻቸው፤ ሳያዩዋት ተመለሰች።

በማግስቱ በአንዱ ዛፍ ሥር አፈሩን በእጇ ቆፈረች። ክንዷ ሳይገባ እጇ ውሃ ነካ፤ አፈሩ ከርፍቷል። ሲ ፈውዚን ፈልጋ ነገረችው። ስልኩን እያየ ነበር የሰማት።

«ዛፍሽ ከታመመ ዛፍሽን አክሚ» አላት። «የጣሪያው ሶሌታዬ ጤነኛ ነው።»

ወደ ማዳም ኑዝሃ መሄድ እንዳለባት ታውቅ ነበር። ግን ከውጭ የሚመጡ እንግዶች አሉ ተባለ፤ እነሱ ይሂዱ አለች። ከዚያ ደግሞ ዳይሬክተሯ ዕረፍት ወጣች፤ ትመለስ አለች። እንዲህ እያለ ነሐሴ አለቀ።

የሥዕሎቹ ጠባቂ የከርሰ ምድሩን ማከማቻ ሲከፍት ሽታው ከበሩ ተቀበለው። ውሃው ከጣሪያው መጋጠሚያ ጸጥ ብሎ ገብቶ፣ በግድግዳው ወርዶ፣ በአንድ ረድፍ የተደረደሩትን ሥዕሎች በሙሉ አዳርሷል። መቼ እንደ ጀመረ የሚያውቅ የለም። ሸራዎቹ ሻግተዋል፤ ቀለሙ ተላቆ በጣት ሲነኩት ይረግፋል። የሐሲና ሥዕሎች ነበሩ። ሐሲና ከሰማንያ ዓመት በላይ የሆናቸው ሠዓሊ ናቸው። ልጅ ስላልወለዱ የዕድሜ ልክ ሥራቸውን በሙሉ፣ አንድም ለራሳቸው ሳያስቀሩ፣ ለአዲሱ አዳራሽ ሰጥተው ነበር። ሙያተኞቹ ካዩት በኋላ የሚተርፈው ጥቂት ነው አሉ።

ማዳም ኑዝሃ ሲ ፈውዚንና ወሲላን ቢሮዋ ጠራች። ሙስባሕንም አስጠራቻቸው። ካፖርታቸውን አውልቀው፣ የራሳቸውን የበዓል ጃኬት ለብሰው መጡና በሩ አጠገብ ቆሙ። ተቀመጡ ቢባሉም አልተቀመጡም። ጥበቃዎቹ ያዩትን አስቀድመው ተናግረዋል። ማዳም ኑዝሃ ክፉ ሰው አልነበረችም፤ ሌሊቱን እንዳልተኛች ፊቷ ይናገራል። ድምፅዋን ለጆሯቸው ከፍ አድርጋ ዛፎቹን ምን ያህል ያጠጧቸው እንደነበር ጠየቀቻቸው።

«እስኪጠግቡ» አሉ ሙስባሕ።

«አያጠጡ ተብለው አልነበረም?»

«ተብዬ ነበር። ልጄ ነግራኛለች። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ሲ ፈውዚ እጁን ዘረጋ፤ ሌላ ምን ቀረ እንደ ማለት። ማዳም ኑዝሃ ወደ ወሲላ ዞረች። ወሲላ አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን «ዛፎቹ ታመው ስለነበር ነው» የሚል ብቻ ነው። ሲ ፈውዚ አያት። «ይኖራሉ ብለሽ የለም?» አላላትም። እሷም ዓይኗን ወደ ጠረጴዛው ጣለች።

ሽማግሌ ስለሆኑ በፖሊስ እንዳይጠየቁ፣ ከሥራ ግን እንዲሰናበቱ ተወሰነ። በማግስቱ ሬዲዮው በአንድ አትክልተኛ ቸልተኝነት የታዋቂዋ ሠዓሊ ሥራዎች ተበላሹ ብሎ አወራ። ስማቸው አልተጠራም፤ የአደባባዩ ሰው ግን ማን እንደሆነ ያውቃል። ሙስባሕ ዕቃቸውን ሲሸክፉ ያቺ የሠርጓን ያወራች ሴትዮ ልጆቿን ሰብስባ ሳትሰናበታቸው ሄደች።

ሙስባሕ ልጃቸውን አንድ ነገር ለመኗት፤ ወደ ሠዓሊዋ ቤት ውሰጂኝ አሉ። ወሲላ ይቅርብህ አለች፤ ማዳም ኑዝሃ ይቅርታ ጠይቃልሃለች አለች። አልሰሟትም። ሰው የሰው ነገር አጥፍቶ በሰው አፍ ይቅርታ አይጠይቅም አሉ።

ሐሲና የሚኖሩት መዲና በሚባለው አሮጌው ከተማ ውስጥ፣ ጠባብ ደረጃ ያለው አሮጌ ቤት ነው። ግድግዳው ባዶ ነበር፤ ሥዕሎቹ ተሰቅለውበት የነበረው ቦታ ብቻ ከሌላው ይነጣል። ሴትየዋ መስኮት አጠገብ ተቀምጠዋል። ሙስባሕ በሩ ላይ ጫማቸውን አወለቁ። ስማቸውን፣ አገራቸውን ተናገሩ። ከዚያ ውሃውን ያፈሰስኩት እኔ ነኝ፤ ልክስ ብል የምክስበት የለኝም፤ አፉ ይበሉኝ ለማለት እንኳ አፍ የለኝም አሉ።

ሐሲና ፊታቸውን ከመስኮቱ መለሱ።

«ዛፎቹስ?» አሉ።

«ሞተዋል።»

«የእርስዎ ነበሩ?»

«የአባቴ ናቸው። የአባቴ አባት። ሳልገደድ በገዛ እጄ ነው የሰጠኋቸው።»

ሐሲና ራሳቸውን ነቀነቁ። «እኔም እንዲሁ» አሉ። «የጠየቀኝ ሰው ሳይኖር ሄጄ ሰጠሁ። ብሞትም እዚያ ይኖራሉ አልኩ።» ከዚያ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። «አፉ አልልዎትም። አልዋሽዎትም፤ ልቤ አልቻለም። ግን ይቀመጡና ውሃ ይጠጡ። ደረጃው ከባድ ነው።»

ሙስባሕ ተቀመጡ። ወሲላ በሩ መቃን ላይ ተደግፋ፣ አባቷ ብርጭቆውን በሁለት እጃቸው ይዘው ውሃውን በግድ ሲውጡ አየች።

ሲወጡ ደረጃው መሐል ላይ አስቆመቻቸው።

«ባባ፣ አንተ አይደለህም። አፈሩ ስስ ነበር። ውሃው መውጫ አልነበረውም። አንተ ባታጠጣ የሚመጣው ዝናብ ያንኑ ያደርገው ነበር።»

ሙስባሕ እጃቸውን ግድግዳው ላይ አድርገው ቆሙ። መጀመሪያ የሰሙ አልመሰላትም።

«ይሄን መቼ ነው ያወቅሽው?» አሉ።

ዛፎቹ ሲታመሙ ብትል ያምኗታል። ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር።

«ወደ አንተ ከመምጣቴ በፊት» አለች።

«ዳቦና ዘይት በልተሽ፣ ውሃ አለ ያልሽኝ ጊዜ።»

«አዎ።»

አልጮሁም። ፊታቸው እንኳ አልተለወጠም። «ዙበይዳ እንኳን ይሄን ሳታይ ሞተች» አሉና ደረጃውን መውረድ ቀጠሉ። ታች ሲደርሱ ቀይረዋን የሚሄዱት ታክሲዎች መናኸሪያ ወዴት እንደሆነ ጠየቋት። በመኪናዬ ላድርስህ ብላ ለመነች። አቅጣጫውን ብቻ አሳዪኝ አሉ። አሳየቻቸው። ሻንጣቸውን በላዝሐር ላኪልኝ ብለው ያለ ምንም ዕቃ በጃኬታቸው ሄዱ፤ እስከ መንገዱ መታጠፊያ ከኋላ አየቻቸው፤ አልዞሩም።

ወሲላ በማግስቱ ማዳም ኑዝሃ ዘንድ ገብታ ሁሉንም ተናገረች፤ ስብሰባውን፣ አፈሩን፣ ይኖራሉ ማለቷን። ዳይሬክተሯ እስከ መጨረሻው ሰማቻት። ከዚያ ዓይኗን በመዳፏ ሸፍና፣ «ይሄን ያን ቀን ብትነግሪኝ ኖሮ» አለች። ነገሩ ለሚኒስቴሩ ተጽፎ አልቋል፤ መድን ድርጅቱም በአትክልተኛው ጥፋት ተስማምቷል፤ አሁን ሌላ ነገር ቢነሳ ከሐሲና ሥዕሎች የተረፉትን ለማዳን የሚገኘውም ይቀራል አለቻት። ወሲላ ግን ዝም አላለችም፤ ለሚኒስቴሩ ሄዳ ደገመችው፤ ለአንድ ጋዜጠኛም ተናገረች። ጋዜጠኛው የጻፈው ትንሽ ቦታ ላይ ወጣ። ሲ ፈውዚ፣ የአትክልቱ ባለሙያ በቂ ነው ያለችውን ነው የሠራነው ብሎ መለሰ፤ ሐሰትም አልተናገረም። ሌላ ሙዚየም ሊሠራ ወደ ባሕረ ሰላጤው አገር ሄደ። ወሲላን ግን ሥራ የሚሰጣት ሰው ጠፋ። ኋላ ላይ ለግለሰቦች ቪላ ሣር ታስተክል ጀመር።

ግንዶቹ በጥቅምት ተቆረጡ። ሥራቸው ሲወጣ እንደ ገንፎ ተዝለግልጎ ነበር። ጣሪያው እንዳይከብደው ተብሎ አፈሩ በሙሉ ተነስቶ አደባባዩ በድንጋይ ተነጠፈ፤ በመካከሉ በትልልቅ ጋን ዘንባባ ቆመ። ሰው በበጋ ሙቀት ስለማይቀመጥበት እየሳሳ ሄደ። አንድ ሁለቴ ስርቆት ነበር ተብሎ በቀድሞው ግንብ ቦታ የብረት አጥር ተሠራ፤ በር ላይም ዘበኛ ቆመ።

ላዝሐር በዚያው ኅዳር ደውሎ አባባ አልታመመም፣ ግን እህል እየተወ ነው አላት። ወሲላ ያን ዕለት ነዳች። ግቢ ስትገባ ሙስባሕ ከተቀመጡበት ተነሱ፤ ጃኬታቸውን ቆለፉ፤ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ጎንበስ አሉ።

«እንኳን ደህና መጡ» አሏት። «ይግቡ፤ መንገዱ አድክሞዎታል። ላዝሐር፣ ለማዳም ኢንጂነር ወንበር አምጣላቸው።»

ዓይናቸው የደከመ መሰላት። «ባባ፣ እኔ ነኝ እኮ» አለች።

«አውቄያለሁ» አሉ። «ይቀመጡ።»

ላዝሐር ወንበሩን ይዞ እንደ ቆመ ቀረ። ሙስባሕ ስለ መንገዱ ጠየቋት፤ ስለ ከተማው አየር ጠየቋት፤ ዳቦው እንዲቀርብላት፣ ሻይ እንዲጨመርላት አዘዙ። እሷ ማልቀስ ስትጀምር ለእንግዳ እንደሚደረገው አንገታቸውን ደፍተው ጠበቋት። ስትነሳ እስከ መኪናዋ ሸኟት፤ በደህና ይግቡ ብለው እጃቸውን አነሱ።

ሙስባሕ ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ኖሩ። ወሲላ በየበዓሉ ትሄድ ነበር፤ እሳቸውም በየበዓሉ ተነስተው ይቀበሏት፣ ወንበርም ያስቀርቡላት ነበር። አንድ ቀን እንኳ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉባትም። አንቺ ብለው ሳይጠሯት ሞቱ።